ተጠቃሚው ከአነስተኛ ባለሰፊ ስክሪን ላፕቶፕ ምን ይሻል?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




አንድ መሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ለመግዛት ባሰበ ጊዜ የሚያወጣው የጨረታ ሰነድ መልኩ ለሁሉም የታወቀ ነው። ፕሮሰሰሩ ይህን ያህል ፈጣን ይሁን፤ ሜሞሪው ከዚህ አይነስ፤ ዲስኩ ይህን ያህል ይያዝ፤ ስክሪኑ ይህን ያህል ኢንች ይሁን ይላል፤ መስፈርቱን ካሟሉት መካከልም ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ማኅበር አባል የሆነ ባለሙያ ነው። ዕቃው ከገባ በኋላ ግን በመሣሪያው አራትና አምስት ዓመት የሚሠራበት ሌላ ሰው ነው፤ ይኸውም ሪፖርት የሚጽፈው፣ ሒሳብ የሚያመሳክረው፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ወደ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፍም ወደ መስክ የሚመላለሰው ሠራተኛ ነው። ይህ ሰው አንገቱን ቢያመው፣ ዓይኑ ቢደክም፣ ባትሪው ከቀትር በፊት ቢያልቅበት አቤቱታ የሚያቀርብበት አንቀጽ የለውም። የቀረበው ዕቃ ከሰነዱ ጋር በትክክል ይስማማልና። ጉድለቱ ያለው በዕቃው ሳይሆን በሰነዱ ነው፤ የሠራተኛው ፍላጎት ከመጀመሪያውም አልተጻፈበትም።

የዚህ ንግግር ዓላማ ይህን ክፍተት መመርመር ነው። ተጠቃሚው በአካሉ አነስተኛ፣ በስክሪኑ ግን ሰፊ ከሆነ ላፕቶፕ በእውነት የሚሻው ምንድን ነው? ፍላጎቶቹ እርስ በርሳቸው ሲቃረኑስ የትኛው ይቅደም? በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምኞቱ ከመሣሪያው ይቀድማል። ኮምፒዩተር ሙሉ ክፍል ይይዝ በነበረበት ዘመን ጋዜጠኛውና ጸሐፊው በእጅ የሚንጠለጠል የጽሕፈት መኪና ነበረው። በ1950 የወጣው የኦሊቬቲ ሌተራ 22 ክብደቱ 3.7 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። በ1972 ደግሞ በአሜሪካ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው አላን ኬይ ዳይናቡክ ብሎ ስለ ሰየመው፣ ገና ስላልተሠራ መሣሪያ ጽሑፍ አቀረበ። መሣሪያው ከደብተር የማይበልጥ፣ ከ4 ፓውንድ፣ ማለትም ከ1.8 ኪሎ ግራም ያነሰ ክብደት ያለው፣ ቢያንስ 4,000 ፊደላትን እንደ መጽሐፍ አጥርቶ የሚያሳይ እንዲሆን ነበር የታሰበው። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ኬይ ካነሣቸው መመዘኛዎች ዋና ዋናዎቹ የሰውን እጅና የሰውን ዓይን የሚመለከቱ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢያልፍም መመዘኛዎቹ አላረጁም።

የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ከዚህ ምኞት እጅግ የራቁ ነበሩ። በ1981 ለገበያ የቀረበው ኦዝቦርን 1 ተንቀሳቃሽ ተብሎ ሲሸጥ ክብደቱ 11 ኪሎ ግራም ያህል፣ ስክሪኑም 5 ኢንች ብቻ ነበር፤ በአንድ መስመር ከ52 ፊደላት በላይ አያሳይም። በ1982 የወጣው ግሪድ ኮምፓስ፣ በቢል ሞግሪጅ ንድፍ፣ ስክሪኑ እንደ መጽሐፍ ሽፋን በኪቦርዱ ላይ የሚታጠፍበትን ቅርጽ አስገኘ። ቅርጹ እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል፤ ዋጋው ግን 8,150 ዶላር ስለ ነበረ ተራው ተጠቃሚ ሊደርስበት አልቻለም። በ1983 የቀረበው ቲአርኤስ 80 ሞዴል 100 ደግሞ በአንድ ጊዜ ስምንት መስመር ብቻ፣ በየመስመሩም 40 ፊደላት ብቻ ያሳይ ነበር። ሆኖም ጋዜጠኞች እጅግ ወደዱት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኪቦርዱ ለጣት የተመቸ ነበር፤ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ተኩል አይበልጥም፤ በየሱቁ በሚገኙ አራት ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮችም 20 ሰዓት ያህል ይሠራ ነበር። ተጠቃሚው በስክሪኑ ጥበት የታገሠው ጣቱና ቀኑ ስለ ተከበሩለት ነው።

«ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ይባላል። ተጠቃሚው መሣሪያው እንዲያንስለትም፣ ስክሪኑ እንዲሰፋለትም፣ ባትሪው እንዲቆይለትም፣ ዋጋው እንዲረክስለትም ይፈልጋል፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ ሣጥን ውስጥ ያለ ስምምነት አያድሩም። ሰፊ ስክሪን ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፤ ብዙ ብርሃን ባትሪ ይበላል፤ ትልቅ ባትሪ ትከሻ ያደክማል። ስለዚህ የባለሙያው ሥራ ምኞቶቹን መደርደር ሳይሆን የትኛው እንደማይለወጥ ለይቶ ማወቅ ነው። የፕሮሰሰር ፍጥነት በየዓመቱ ይለወጣል፤ የሰው ጣት ስፋት ግን አይለወጥም።

ስለ ጣት ሲነሣ መጀመሪያ የሚመጣው የኪቦርዱ ልክ ነው። በሙሉ መጠን ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ መካከል እስከ ጎረቤቱ ቁልፍ መካከል ያለው ርቀት 19 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የላይኛው የቁጥሮች ረድፍ በዚህ ልክ ሲደረደር የአሥራ አምስት ቁልፍ ስፋት ይይዛል፤ ይህም 28.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አሁን በቀድሞው የ4 ለ 3 ምጥጥን የተሠራ ባለ12.1 ኢንች ስክሪን ይወሰድ። ኢንቹ የሚለካው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ስለ ሆነ፣ የስክሪኑ ወርድ 24.6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። መሣሪያው በስክሪኑ ልክ ከተሠራ ኪቦርዱ ሊያርፍበት አይችልም። በ1995 አይቢኤም ባወጣው ቲንክፓድ 701 ላይ ጆን ካሪዲስ ያመጣው መላ ይህን ችግር ለመፍታት ነበር። የኪቦርዱ ሁለት ክፍሎች ክዳኑ ሲከፈት እየተንሸራተቱ ይገጥሙና፣ ወርዱ 24.6 ሴንቲ ሜትር ከሆነው ሣጥን ግራና ቀኝ ወጥተው 29.2 ሴንቲ ሜትር ይዘረጋሉ። በዚህም የተነሣ ቢራቢሮ የሚል ስም ወጣለት። መላው የተደነቀ ቢሆንም ብዙ አልቆየም፤ ስክሪኖች እየሰፉ ሲሄዱ አላስፈለገም።

ከዚህ የምንደርስበት ቁም ነገር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። ሰፊው ስክሪን አነስተኛውን ላፕቶፕ የጠቀመው ከዓይን ይልቅ በጣት በኩል ነው። በ16 ለ 10 ምጥጥን የተሠራ ባለ13.3 ኢንች ስክሪን ወርዱ 28.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህም ከላይ ከተሰላው የሙሉ ኪቦርድ ወርድ ጋር በሚያስገርም ሁኔታ ይገጥማል። ጠባብ ጠርዝ ሲጨመርበት ሣጥኑ የኤ4 ወረቀት ወርድና ቁመት ያህል ይሆናል። በ2020 የወጣው ማክቡክ ኤር ለአብነት 30.4 በ21.2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የኤ4 ወረቀት 29.7 በ21 ነው። ደብተርን የሚያህለው መሣሪያ በመጨረሻ የተገኘው የጣትና የወረቀት ልክ በአንድ ቦታ ሲገናኙ ነው።

ለዓይን ግን ስፋት ሁልጊዜ ጥቅም አልነበረም። እዚህ ላይ ምጥጥኖቹ ከየት እንደ መጡ ማስታወስ ይገባል። የ4 ለ 3 ምጥጥን የተወለደው በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በኤዲሰን ቤተ ሙከራ በተበጀው የሲኒማ ፊልም ነው፤ ከዚያም ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥንም ወደ ኮምፒዩተር ተሻገረ። የ16 ለ 9 ምጥጥንን ደግሞ በ1984 በአሜሪካ የሲኒማና የቴሌቪዥን መሐንዲሶች ዘንድ ያቀረበው ከርንስ ፓወርስ ነበር። ሐሳቡ ጠባቡንና ሰፊውን የፊልም ዓይነት በአንድ መስኮት ውስጥ በተመጣጠነ ሁኔታ ለማሳየት ነበር። ከሁለቱ አንዱም ሪፖርት የሚጽፍን ሰው፣ ደብዳቤ የሚያነብን ሰው አስቦ የተወሰነ አልነበረም። ሆኖም የስክሪን ፋብሪካዎች ለቴሌቪዥንና ለኮምፒዩተር በአንድ ምጥጥን መሥራት ሲጠቅማቸው፣ ከ2000ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ 16 ለ 9 የላፕቶፕም ልክ ሆነ። የተጠቃሚው አስተያየት አልተጠየቀም።

ውጤቱን በአንድ የታወቀ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ዘር መከታተል ይቻላል። በ2007 የወጣው ቲንክፓድ ኤክስ61 ባለ12.1 ኢንች የ4 ለ 3 ስክሪን ነበረው፤ የስክሪኑ ቁመት 18.4 ሴንቲ ሜትር ነበር። በ2008 የተተካው ኤክስ200 በዚያው 12.1 ኢንች ወደ 16 ለ 10 ተለወጠና ቁመቱ 16.3 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በ2011 የመጣው ኤክስ220 ኢንቹ ወደ 12.5 ከፍ ቢልም ምጥጥኑ 16 ለ 9 ስለ ሆነ ቁመቱ ወደ 15.6 ሴንቲ ሜትር ወረደ። በነጥብ ሲቆጠር ደግሞ የመስመሮቹ ብዛት ከ768 ወደ 800 ወጥቶ እንደ ገና ወደ 768 ተመለሰ። በጨረታ ሰነድ ላይ ግን ሦስቱም በኢንች ብቻ ቢጻፉ የመጨረሻው የበለጠ ይመስላል። በሰያፍ መለካት እንዲህ ያታልላል። በአንድ ሰያፍ፣ ለምሳሌ በ12.1 ኢንች፣ የ4 ለ 3 ስክሪን ስፋት 453 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሲሆን የ16 ለ 9 ስክሪን ግን 404 ብቻ ነው፤ ገዢው በአንድ ስም ከአሥር እጅ አንዱን እጅ ያህል አጥቷል ማለት ነው።

የሚጽፍና የሚያነብ ሰው የሚፈልገው ቁመት ነው። የጽሑፉ መስመር ከመጠን በላይ ሲረዝም ዓይን የሚቀጥለውን መስመር መጀመሪያ ይስታል፤ መስመሮቹ ሲያንሱ ደግሞ ሐሳቡ ይቆራረጣል። በላይ የትእዛዝ መደዳዎች፣ በታች የፕሮግራሞች መደዳ ሲጨመርበት፣ ከትንሹ ስክሪን ለጽሑፉ የሚተርፈው ቁመት ከአንድ የፖስታ ካርድ እምብዛም አይበልጥም። ሒሳብ ሠራተኛው በአንጻሩ ሰፊውን ስክሪን ይወዳል፤ የዓመቱ ወራት በአንድ ጊዜ ይታዩታልና። ተርጓሚውም ሁለት ጽሑፍ ጎን ለጎን ለማየት ይጠቀምበታል። ስለዚህ ጥያቄው «ሰፊ ወይስ ጠባብ» ሳይሆን «ለየትኛው ሥራ» የሚል መሆን አለበት።

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ጉዳዩ ይበልጥ ይጠብቃል። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ በ1999 ከገባ ወዲህ ፊደሉን በማንኛውም ኮምፒዩተር ማሳየት ተችሏል፤ ማሳየትና አጥርቶ ማስነበብ ግን አንድ አይደሉም። «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት በቀኝ እግር ላይ ያለችው ትንሽ መስመር ከመካከል ወይም ከግርጌ በመውጣቷ ብቻ ነው። ነጥቦቹ በተራራቁበት ስክሪን ላይ ፊደሉ ሲያንስ ይህች መስመር ትደበዝዛለች፤ አንባቢውም ፊደሉን በማየት ሳይሆን በመገመት ያነባል። ፊደሉ ተለቅ ይበል ቢባል ደግሞ በጠባቡ ቁመት ላይ የሚታዩት መስመሮች ያንሳሉ። በጽሕፈትም ረገድ በላቲን ኪቦርድ ለአንድ የአማርኛ ፊደል ብዙውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ቁልፍ መምታት ያስፈልጋል፤ አንዱ ለተነባቢው፣ አንዱ ለአናባቢው። ስለዚህ ለሌላው ቋንቋ ጸሐፊ ጥቂት የሚያስቸግር የተጨናነቀ ኪቦርድ ለአማርኛ ጸሐፊ ድካሙን እጥፍ ያደርግበታል። ነጥባቸው የበዛና የጠራ ስክሪን፣ ሙሉ ስፋት ያለው ኪቦርድ ለዚህ ሠራተኛ ቅንጦት አይደሉም።

ቀጥሎ የሚመጣው ትከሻና ቀን ነው። በ2007 የወጣው አሱስ ኢፒሲ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ግራም በታች፣ ዋጋውም ርካሽ ስለ ነበረ በዓለም ሁሉ ተፈላጊ ሆነ። ነገር ግን ስክሪኑ 7 ኢንች፣ ቁመቱም 480 ነጥብ ብቻ፣ ኪቦርዱም ከሙሉው ልክ ያነሰ ነበር። ከእርሱ በኋላ የተከተሉት ትንንሽ ላፕቶፖች ጥቂት ዓመታት ገበያውን አጥለቅልቀው ኋላ ቦታቸውን ለታብሌትና ለቀጫጭን ላፕቶፖች ለቀቁ። በዚያው ዓመት ለሕፃናት ትምህርት የተሠራው ኤክስኦ የተባለው መሣሪያ፣ በኢትዮጵያም ለአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች የታደለው፣ አንድ ትልቅ ነገር አሳይቶ ነበር፤ ይኸውም ስክሪኑ በፀሐይ ብርሃን መነበቡ ነው። ይህን በጎ ጠባይ ብዙዎቹ አምራቾች አልተከተሉትም፤ እንዲያውም እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቅ ስክሪን ለማሳመር ሲባል ተስፋፋ። በመስክ ላይ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ መዝገብ የሚሞላ ሠራተኛ ግን በስክሪኑ ላይ የራሱን ፊት ማየት አይሻም።

መብራት ሲሄድ ደግሞ የባትሪው ነገር ይመጣል። በ2020 አፕል በራሱ ፕሮሰሰር የሠራው ማክቡክ ኤር ማራገቢያ ሳይኖረው፣ ሳይጮኽና ብዙ ሳይግል ሙሉ የሥራ ቀን መዋል እንደሚቻል ካሳየ በኋላ ሌሎቹም አምራቾች በዚሁ መንገድ ተከትለዋል። ነገር ግን የባትሪ ዕድሜ ሲገዛ ብቻ ሳይሆን ሦስተኛው ዓመት ላይም መታየት አለበት። የሊቲየም ባትሪ በአገልግሎት ብዛት አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ቀድሞ ከመሣሪያው ሥር በጣት ተስቦ ይወጣ የነበረው ባትሪ፣ መሣሪያው እየቀጠነ ሲሄድ በውስጥ ታሸገ፤ በብዙዎቹም ሜሞሪው ጭምር ከዋናው ሰሌዳ ጋር ተበየደ። ቅጥነቱን የከፈለው እንግዲህ የጥገና ባለሙያው ነው። ይህ ሊቀየር እንደሚችል በ2021 የወጣው ፍሬምወርክ ላፕቶፕ አሳይቷል፤ ተጠቃሚው ራሱ ባትሪውን፣ ስክሪኑን፣ ኪቦርዱን ፈትቶ እንዲተካ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ስክሪኑም 3 ለ 2 ሲሆን ቁመቱ ለጽሑፍ የተመቸ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 ባወጣው ደንብ የተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች ባትሪ፣ ከተወሰኑ ዓይነቶች በቀር፣ ከ2027 ጀምሮ በተጠቃሚው እጅ የሚወጣና የሚተካ እንዲሆን ወስኗል።

ፍላጎት ሲገለጽ እንደሚሰማም ማስረጃ አለ። ከ2013 ጀምሮ አንዳንድ አምራቾች ወደ 3 ለ 2 ተመለሱ፤ ከ2020 አካባቢ ጀምሮም ብዙዎቹ የሥራ ላፕቶፖች ከ16 ለ 9 ወደ 16 ለ 10 ተመልሰዋል። በ2015 ዴል ባወጣው ኤክስፒኤስ 13 ላይ የስክሪኑ ጠርዝ እጅግ ጠቦ፣ ካሜራው ወደ ስክሪኑ ግርጌ ወርዶ፣ የተናጋሪውን ፊት ከአገጭ በታች ያሳይ ስለ ነበር ተጠቃሚዎች አጉረመረሙ፤ በ2019 ካሜራው ወደ ላይ ተመለሰ። ጠርዙም ጠባብነቱን አልተወም። በጥያቄ የሚገኝ ነገር በዝምታ እንደማይገኝ ይህ ያስረዳል።

አንድ ጉድለት ግን በየትኛውም ሞዴል የሚድን አይደለም። የላፕቶፕ ስክሪንና ኪቦርድ የተጣበቁ ስለ ሆኑ፣ ኪቦርዱ ለእጅ ሲመች ስክሪኑ ለዓይን ዝቅ ይላል፤ ስክሪኑ ለዓይን ከፍ ሲል ኪቦርዱ ከእጅ ይርቃል። መሣሪያው ባነሰ መጠን አንገት ይበልጥ ይጎነበሳል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ በቢሮ ሲሠራ ላፕቶፑን ከፍ የሚያደርግ ማስቀመጫና ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድ ነው። የሁለቱ ዋጋ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ሆኖ ሳለ በግዢ ዝርዝር ውስጥ እምብዛም አይገኝም።

የተከበራችሁ አባላት፣

ከላይ ከተዘረዘረው የሚወጣው መደምደሚያ አጭር ነው። የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ከፕሮሰሰሩና ከዲስኩ አስቀድሞ የሚከተሉትን ይጻፍ። ክብደቱ ከቻርጀሩ ጋር ስንት ኪሎ ግራም ነው? የስክሪኑ ቁመት በሴንቲ ሜትርና በነጥብ ስንት ነው? ስክሪኑ ያንጸባርቃል ወይስ አያንጸባርቅም? የቁልፎቹ ርቀት 19 ሚሊ ሜትር ይሞላል? መብራት ሳይኖር በተለመደው ሥራ ስንት ሰዓት ይቆያል? ባትሪው በአገር ውስጥ ይተካል? መለዋወጫውስ ይገኛል? እነዚህ ሁሉ በሜትርና በሚዛን የሚለኩ፣ ተጫራቾችን በእኩልነት የሚያወዳድሩ መስፈርቶች ስለ ሆኑ ግምገማውን ለአድልዎ የሚያጋልጡ አይደሉም። ከሁሉም በላይ ግን ከመግዛት በፊት አንድ ናሙና ለአንድ ቀን በሚሠራበት ሰው እጅ ይሰጥ፤ ጸሐፊዋ ሁለት ገጽ አማርኛ ትጻፍበት፤ ሒሳብ ሠራተኛው የወሩን መዝገብ ይክፈትበት፤ የመስክ ሠራተኛውም ደጅ ወጥቶ ያንብበት። የአንድ ቀን ሙከራ የአምስት ዓመት ቅሬታ ያስቀራል።

ሰነዱ የሚጻፈው በዚህ ማኅበር አባላት እጅ ነው። ቀጣዩ ሰነድ ሲጻፍ ያ ሠራተኛ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቢታሰብ፣ የዚህ ንግግር ዓላማ ተፈጽሟል።